ያገለገለ ትልቅ የጉዞ ሞተር ሳይክል፦ አገዛዙ፣ አያያዙና አነዳዱ

መግቢያ

በዚህ መጽሔታችን ላይ ብዙውን ጊዜ ስለ መኪና ነው የሚጻፈው። እኔ ዛሬ ስለ ሞተር ሳይክል ላካፍላችሁ አሰብኩ። ወደዚህ የማታ ትምህርት ከመግባቴ በፊት አሜሪካ ውስጥ፣ በኮሎራዶ ግዛት፣ ዴንቨር አጠገብ ባለችው በአውሮራ ከተማ አሥራ አንድ ዓመት ኖሬአለሁ። ከዚያ ውስጥ ስድስቱን ዓመት አንድ ያገለገለ ሆንዳ ጎልድ ዊንግ ነበረኝ። ይህ ሞተር ሳይክል ብዙ አስተምሮኛል። ከትምህርቱ አንዱን ግን የከፈለችው ባለቤቴ ናት፤ በእግሯ። ስለዚህ ጽሑፉን ስጽፍ ደስታውን ብቻ አልናገርም።

ከመጀመሬ በፊት ሁለት ማሳሰቢያ አለኝ። አንደኛ፣ እኛ አገር “ሞተር” ስንል ተሽከርካሪውንም ኃይል የሚያመነጨውን ክፍልም ማለታችን ነው። እዚህ ግን እንዳንደናገር ተሽከርካሪውን “ሞተር ሳይክል”፣ ሌላውን “ሞተር” እላለሁ። ሁለተኛ፣ ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

1. ትልቅ የጉዞ ሞተር ሳይክል ሲባል ምን ማለት ነው?

እኛ አብዛኛውን ጊዜ የምናውቃቸው ሞተር ሳይክሎች ከ100 እስከ 200 ሲሲ የሆኑ፣ ባለ አንድ ፒስተን፣ በሰንሰለት የሚነዱ ናቸው። “ቱሪንግ” የሚባለው ዓይነት ግን የተሠራው ሁለት ሰው ከነሻንጣው ቀኑን ሙሉ ሳይደክመው እንዲጓዝበት ነው። ከፊቱ ነፋስ የሚከላከል መስታወት፣ ከጎንና ከኋላ የሚቆለፍ የዕቃ ሳጥን፣ ለኋለኛው ሰው መደገፊያ ያለው ወንበር ይኖረዋል።

ከነዚህ ውስጥ በጣም የታወቀው ጎልድ ዊንግ ነው። ሆንዳ መጀመሪያ ለሕዝብ ያሳየው በ1974 ኮሎኝ ጀርመን በተደረገ ኤግዚቢሽን ላይ ሲሆን ለሽያጭ የቀረበው በ1975 ነው። ያ ጂ.ኤል. 1000 የሚባለው ሞዴል 999 ሲሲ፣ ፒስተኖቹ ግራና ቀኝ የተጋደሙ ባለ አራት ሲሊንደር፣ በውኃ የሚቀዘቅዝ ነበር። ኃይሉን ወደ ኋላ ጎማ የሚያስተላልፈው እንደ መኪና በካርዳን እንጂ በሰንሰለት አይደለም። የሚገርመው፣ ያኔ የፊት መስታወትም ሻንጣም አልነበረውም። ገዢዎቹ ራሳቸው እንደ ክሬግ ቬተር ካሉ የውጭ አምራቾች እየገዙ ይገጥሙለት ነበር። ሆንዳ ይህን አይቶ በ1980 ሁሉም ነገር ከፋብሪካው የተገጠመለትን ጂ.ኤል. 1100 ኢንተርስቴት አወጣ። በዚያው ዓመት ጎልድ ዊንግ አሜሪካ ውስጥ፣ ኦሃዮ ግዛት ሜሪስቪል በሚገኘው ፋብሪካ መሠራት ጀመረ። ምርቱ እዚያ እስከ 2009 ከቆየ በኋላ ወደ ጃፓን ተመልሷል።

በ1984 ጂ.ኤል. 1200፣ በ1988 ባለ ስድስት ሲሊንደሩ 1520 ሲሲ ጂ.ኤል. 1500፣ በ2001 ደግሞ የነዳጅ ኢንጀክሽንና የአሉሚኒየም ቻሲስ ያለው ጂ.ኤል. 1800 ተከተሉ። የእኔው በ1996 የተሠራ ጂ.ኤል. 1500 ነበር። ባዶውን ከ360 ኪሎ በላይ ይመዝናል፤ ቤንዚንና ዘይት ሲሞላ ወደ 400 ይጠጋል። ጉልበቱ ወደ 100 የፈረስ ጉልበት ገደማ ነው። የቤንዚን ታንከሩ እንደ ሌሎቹ ከፊት ሳይሆን ከወንበሩ ሥር ነው፤ ይህም የተደረገው የስበት ማእከሉ ዝቅ እንዲል ነው። ወደ ኋላ መሄጃም አለው! ይህን የሚሠራው ግን ካምቢዮው ሳይሆን ሞተሪኖው ነው። ስለዚህ ባትሪው ደካማ ከሆነ ወደ ኋላ መሄድ የለም ማለት ነው።

2. እንዴት እንደገዛሁት

በ2013 ግንቦት ወር ላይ ነው። የሚሸጡት ዕድሜያቸው ከሰባ በላይ የሆነ ሰውዬ ነበሩ። ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ እንዳልነዱት ነገሩኝ። የተነዳው 41 ሺህ ማይል፣ ማለትም 66 ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ለእንዲህ ዓይነቱ ሞተር ሳይክል ይህ ምንም ማለት አይደለም፤ ከዚህ አራት እጥፍ የሄዱ አሉ። ቀለሙ ያብረቀርቃል። ጎማውን ዝቅ ብዬ አየሁት፤ ጥርሱ ገና ሙሉ ነው።

“ጎማው አዲስ ነው ማለት ይቻላል፤ ካስቀየርኩት በኋላ እምብዛም አልነዳሁትም” አሉኝ። እውነታቸውን ነበር። እኔም “እምብዛም አልነዳሁትም” የሚለውን እንደ ጥሩ ነገር ሰማሁት። 3,600 ዶላር ቆጥሬ ሰጠሁና ይዤ ሄድኩ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባል የለ? የእኔም እንደዚያው ሆነ።

ነሐሴ ላይ ከባለቤቴ ጋር ከተራራው ስንመለስ ዝናብ ያዘን። ኮሎራዶ በሐምሌና በነሐሴ ከሰዓት በኋላ ተራራው ላይ እንደኛ ክረምት ያዘንባል። ከአውራ ጎዳናው ለመውጣት ወደ ቀኝ የሚታጠፈውን መውጫ ያዝኩ። ትንሽ ፈጥኛለሁ፤ መታጠፊያው መሐል ላይ ፍሬን ረገጥኩ። የኋላው ጎማ ከሥሬ ሸሸ። ፍጥነታችን በሰዓት ሠላሳ ኪሎ ሜትር ገደማ ስለነበር እኔ ጉልበቴ ተላጠ፣ ሌላ ምንም አልሆንኩም። የባለቤቴ ቁርጭምጭሚት ግን ተሰበረ። ስድስት ሳምንት በጀሶ ቆየች።

ሞተር ሳይክሉን ሊጭን የመጣው የመጎተቻ መኪና ሹፌር ጎማውን በባትሪ መብራት እያየ፣ “ይሄ እኮ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ አላየኸውም?” አለኝ። ጎማው ጎን ላይ በትንሽ ክብ ማዕቀፍ ውስጥ 2304 የሚል ቁጥር ነበር። በ2004፣ በሃያ ሦስተኛው ሳምንት ተሠራ ማለት ነው።

እንግዲህ አደጋው የጎማው ብቻ ነው ብዬ ራሴን ነጻ አላወጣም። ፍጥነቱም፣ በመታጠፊያ ላይ የረገጥኩት ፍሬንም የእኔ ናቸው። ጎማው ግን ለስህተቴ የሚሆን ትርፍ አልሰጠኝም። ጎማ ሲያረጅ ይደርቃል፤ ጥርሱ ቢኖርም እርጥብ አስፋልት ላይ አይዝም።

3. የመጀመሪያው ትምህርት፦ ኪሎ ሜትሩን ሳይሆን የቆመበትን ዘመን ጠይቅ

ያገለገለ መኪና ስንገዛ መጀመሪያ የምናየው ስንት ኪሎ ሜትር እንደሄደ ነው። ለትልቅ የጉዞ ሞተር ሳይክል ይህ ጥያቄ ሁለተኛ ነው። ሞተሩ ብዙ ሲሲ ይዞ በዝግታ ስለሚዞር በመሄድ ቶሎ አያልቅም። ይልቁንም የሚጎዳው በመቆም ነው። ለምን? የሚከተሉትን እንመልከት።

ሀ) ጎማ። ከ2000 ጀምሮ የተሠራ ጎማ አራት አኃዝ ያለው የቀን ምልክት አለው። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንቱን፣ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ዓመቱን ይናገራሉ። ሦስት አኃዝ ብቻ ካያችሁ ጎማው ከ2000 በፊት የተሠራ ነውና ሞተር ሳይክሉን ከቦታው ሳታነቃንቁ ጎማ አስቀይሩ።

ለ) የፍሬን ዘይት። ይህ ዘይት እርጥበት ከአየር ይስባል። እርጥበት ሲይዝ የሚፈላበት ሙቀት ይወርዳል፤ ረጅም ቁልቁለት ላይ ደጋግመው ሲይዙት ይፈላና ፍሬኑ ባዶ ይሆናል። ዘይቱ እንደ ማር ቀለል ያለ ቢጫ መሆን ሲገባው የእኔው እንደ ቡና ጠቁሮ ነበር። በሁለት ዓመት አንድ ጊዜ መቀየር አለበት፤ ሞተር ሳይክሉ ባይነዳም!

ሐ) ቤንዚንና ካርቡራተር። ጂ.ኤል. 1500 ሁለት ካርቡራተር አለው። ቤንዚን ለወራት ሲቆም እንደ ሙጫ ዓይነት ዝቃጭ ይፈጥርና ቀጫጭኖቹን ቀዳዳዎች ይደፍናል። ሞተሩ ሲነሳ ከተንገጫገጨ፣ በትንሽ ጋዝ ላይ ካመነታ፣ ጥርጣሬው መጀመሪያ እዚህ ላይ ይሁን።

መ) የታይሚንግ ቺንጋ። ከጂ.ኤል. 1000 እስከ ጂ.ኤል. 1500 ድረስ ያሉት ሁሉ ሁለት የላስቲክ ቺንጋ አላቸው፤ አንዱ ለግራ፣ አንዱ ለቀኝ። ቺንጋው ቢበጠስ ቫልቩ ከፒስተኑ ጋር ይጋጫል፤ የሚቀጥለው ወጪ የሞተር ወጪ ነው። ላስቲክ ደግሞ በኪሎ ሜትርም በዕድሜም ያረጃል። መቼ እንደተቀየረ የሚያስረዳ ደረሰኝ ከሌለ “አልተቀየረም” ብላችሁ ያዙት። ጂ.ኤል. 1800 በሰንሰለት ስለሚሠራ ይህ ሥጋት የለበትም።

ሠ) ጎማኒዎችና ጎሚኒዎች። የውኃ ቱቦ፣ የቫኪዩም ቱቦ፣ የፊት ሾክ ዘይት መያዣ ሁሉ ላስቲክ ናቸው። በጣታችሁ ጨምቃችሁ ተጣጥፎ የሚሰነጠቅ ካለ ጊዜው አልፏል።

ረ) ዲናሞ። ይህ በሞዴሉ ይለያያል። በጂ.ኤል. 1500 ላይ ዲናሞው በውጭ በኩል ስለሆነ ማውጣት ቀላል ነው። በጂ.ኤል. 1200 ላይ ግን የኤሌክትሪክ ማመንጫው ጥቅል ሽቦ ከሞተሩ ውስጥ ከኋላ በኩል ስለተቀመጠ ቢቃጠል ሞተሩን ማውረድ ግድ ነው። ዋጋው ርካሽ ሆኖ የምታገኙት ጂ.ኤል. 1200 ርካሽ የሆነበት ምክንያት ይህ ሊሆን ይችላል። በቮልት መለኪያ ሞተሩ እየሠራ ባትሪው ላይ ከ13 ተኩል እስከ 14 ተኩል ቮልት ካላገኛችሁ ጠይቁ።

ባለቤቴ እግሯን ሰቅላ ተቀምጣ፣ እኔ ጋራዣችን ውስጥ የጥገና መጽሐፉን ዘርግቼ እነዚህን አንድ በአንድ ቀየርኩ። ካንዴላ ከመፍታት በስተቀር ከዚያ በፊት ሙያ አልነበረኝም። ጎማ፣ ቺንጋ፣ ባትሪ፣ የፍሬን ሸራ፣ ቱቦና ዘይት ሲደመር ወደ 1,100 ዶላር ወጣ፤ የእጅ ዋጋ ሳይጨምር። ስለዚህ የሞተር ሳይክሉ ዋጋ 3,600 አልነበረም፤ 4,700 ነበር። ልዩነቱን ገና ስገዛ ባውቀው ኖሮ ወይ ዋጋ አስቀንስ ነበር፣ ወይ ደግሞ መጀመሪያ ጠግኜ ከዚያ እነዳው ነበር። ሁለቱንም ሳላደርግ ባለቤቴን አሳፈርኩ።

4. ሁለተኛው ትምህርት፦ ክብደቱ የሚጠየቀው ሲቆም ነው

ሰው 400 ኪሎ ሲሰማ “ይሄን ነገር ማን ይነዳዋል?” ይላል። እውነቱ ግን በተቃራኒው ነው። ከመራመድ ፍጥነት ካለፈ በኋላ ራሱን ችሎ ይቆማል፤ ሕፃን ይነዳዋል የሚያሰኝ ነው። ችግሩ በመኪና ማቆሚያ፣ በነዳጅ ማደያ፣ በመብራት ላይ ነው።

ትንሽ ስሌት እንሥራ። የስበት ማእከሉ ከመሬት ግማሽ ሜትር ከፍ ያለ፣ መሪው ደግሞ አንድ ሜትር ከፍ ያለ ነው እንበል። ሞተር ሳይክሉ ወደ ጎን ሲያዘነብል መሪው ላይ ሆነን የምንይዘው ክብደት በግምት 400 ሲባዛ በ0.5 ሲባዛ በሳይን ቴታ ነው። በ5 ዲግሪ 17 ኪሎ፣ በ10 ዲግሪ 35 ኪሎ፣ በ20 ዲግሪ 68 ኪሎ፣ በ30 ዲግሪ 100 ኪሎ ይመጣል። አያችሁ? በ5 ዲግሪ አንድ የዕቃ ከረጢት ነው፤ በ20 ዲግሪ አንድ ሙሉ ሰው ነው። ስለዚህ ብልሃቱ ጡንቻ ሳይሆን ከ10 ዲግሪ አለማለፍ ነው።

ይህን ለመጠበቅ የሚረዱ ልምዶች፦ በዝግታ ስትነዱ ፍሪሲዮኑን ግማሽ ይዛችሁ የኋላ ፍሬን በትንሹ ንኩ፤ መሪው ተጣሞ ሳለ የፊት ፍሬን በፍጹም አትያዙ፤ ዓይናችሁን ወደምትሄዱበት እንጂ ወደ መሬት አታድርጉ፤ ስታቆሙም ከቁልቁለት ጋር ፊት ለፊት አታቁሙ፤ መውጫችሁን አስባችሁ አቁሙ።

ከወደቀስ? ጎልድ ዊንግ ከጎኑ የብረት መከላከያ ስላለው ሙሉ በሙሉ አይጋደምም፤ ዘንበል እንዳለ ይቀራል። መጀመሪያ ቁልፉን አጥፉ። ወደ ቀኝ ከወደቀ የጎን መቆሚያውን አስቀድማችሁ አውጡ። ከዚያ ጀርባችሁን ለወንበሩ ሰጥታችሁ ቁጢጥ በሉ፤ በአንድ እጅ መሪውን፣ በሌላው የኋላውን መያዣ ብረት ይዛችሁ በእግራችሁ ግፊት ቀስ እያላችሁ ወደ ኋላ ተራመዱ። ወገብ አይሠራም፤ እግር ነው የሚሠራው። እኔ በስድስት ዓመት ውስጥ ሦስት ጊዜ ቆሞ ሳለ ጥዬዋለሁ። አንዱ ነዳጅ ማደያ ውስጥ ነበርና ሰው ሁሉ አየኝ። ምን ላድርግ፣ አነሳሁት።

5. ሦስተኛው ትምህርት፦ በመንገድ ላይ ፊዚክስ አይቀልድም

አንድ ሰው ብቻ የያዘ ትንሽ ሞተር ሳይክል፣ በድምሩ 205 ኪሎ፣ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ሲሄድ የሚይዘው ጉልበት ወደ 28 ሺህ ጁል ነው። ሁለት ሰውና ሻንጣ የጫነ ጎልድ ዊንግ፣ በድምሩ 570 ኪሎ፣ በ100 ሲሄድ ወደ 220 ሺህ ጁል ይደርሳል። ወደ ስምንት እጥፍ ማለት ነው። ይህን ሁሉ ጉልበት የሚያጠፉት ሁለት የእጅ መዳፍ የሚያህሉ የጎማ መገናኛ ቦታዎች ናቸው።

በ100 ኪሎ ሜትር ፍጥነት አንድ ሰከንድ ተኩል እስክናስብ ድረስ ብቻ 42 ሜትር እንሄዳለን። በደረቅ መንገድ በጥሩ ጎማ፣ ፍጥነት መቀነሻውን 7 ሜትር በሰከንድ ካሬ ብንይዘው ለመቆም ሌላ 55 ሜትር ያስፈልጋል፤ በድምሩ 97። መንገዱ እርጥብ፣ ጎማው የደረቀ ሆኖ ይህ ቁጥር ወደ 4 ቢወርድ ግን በድምሩ 138 ሜትር ይሆናል። በመሐከል ያለው 41 ሜትር ነው ሰው የሚገድለው።

የጂ.ኤል. 1500 ፍሬን አንድ ልዩ ጠባይ አለው። የእጁ ፍሬን ከሁለቱ የፊት ዲስኮች አንዱን ብቻ ይይዛል፤ የእግሩ ደግሞ የኋላውንና ሌላኛውን የፊት ዲስክ አንድ ላይ ይይዛል። ትንሽ ሞተር ሳይክል የለመደ ሰው “የእግር ፍሬን የኋላ ነው” ብሎ መታጠፊያ ላይ ሲረግጠው ከጠበቀው በላይ ይይዛል። እኔ ይህን ሳላውቅ ነው የረገጥኩት። ፍሬን ከመታጠፊያው በፊት፣ ሞተር ሳይክሉ ቀጥ ብሎ ሳለ ይጨረስ።

መታጠፍን በተመለከተ፣ ከመራመድ ፍጥነት በላይ ወደ ቀኝ ለመሄድ የቀኝ እጀታውን ወደ ፊት በትንሹ መግፋት ነው። ነገሩ ግልባጭ ይመስላል፤ ግን ጎማው ለቅጽበት ወደ ግራ ሲዞር ሞተር ሳይክሉ ወደ ቀኝ ያዘነብልና ይታጠፋል። ብስክሌት የነዳን ሁላችን ሳናውቀው እናደርገዋለን። በከባድ ሞተር ሳይክል ላይ ግን አውቀን ማድረግ አለብን፤ ሰውነትን በማዘንበል ብቻ እሺ አይልም።

በመጨረሻ፣ እኛ አዲስ አበባ ላለን የሚጠቅም አንድ ነገር ልጨምር። ከዴንቨር ወደ ምዕራብ ሲወጣ የአይዘንሃወር ዋሻ የሚገኘው 3,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው። እዚያ የአየሩ እፍጋት ከባሕር ወለል ጋር ሲነጻጸር ወደ 71 በመቶ ይወርዳል። ስለዚህ 100 የፈረስ ጉልበት የነበረው በግምት ወደ 70 ይጠጋል ማለት ነው። ካርቡራተሩ ደግሞ አየሩ መሳሳቱን በሙሉ ስለማይረዳ ቤንዚን ያበዛል፤ ካንዴላ ይጠቁራል። አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ላይ ሆነን የአየሩ እፍጋት ወደ 79 በመቶ ነው። ጋራዥ ውስጥ “ሞተሩ ደክሟል” የምንለው መኪና ሁሉ በእርግጥ ደክሞ ነው ወይስ አየሩ ሳስቶበት? ብላችሁ መጠየቅ ልመዱ።

6. ማጠቃለያ

ባለቤቴ ጀሶው ከወለቀላት በኋላ አንድ ዓመት ሙሉ ወደ ሞተር ሳይክሉ አልቀረበችም። እኔም አልለመንኳትም። በቀጣዩ በጋ አንድ ቅዳሜ ጋራዥ ገባች፤ ጎንበስ ብላ የሁለቱንም ጎማ ቁጥር አነበበች። “ይሄ የዘንድሮ ነው?” አለችኝ። “አዎ፣ አሥራ አራተኛው ሳምንት” አልኳት። “እሺ፣ እስከ ወንዙ ብቻ” አለች። ከዚያ በኋላ በየዓመቱ ጉዞ ሲመጣ ጎማ የምትመረምረው እሷ ነበረች።

በ2019 ወደ አገራችን ስንመለስ ሞተር ሳይክሉን ለአንድ ወጣት ሸጥኩት። ከቁልፉ ጋር አንድ ወረቀት ሰጠሁት፦ ጎማው በስንተኛው ሳምንት እንደተሠራ፣ የፍሬን ዘይቱ መቼ እንደተቀየረ፣ ቺንጋው መቼ እንደገባ፣ ስንት ጊዜ እንደወደቀና የት እንደተጠገነ ሁሉ ጽፌበታለሁ። መውደቁን ሲያነብ ዋጋ ቀንስ አለኝ፤ ሦስት መቶ ዶላር ቀነስኩለት። አልጸጸተኝም። ሦስት መቶ ዶላር ከአንድ ሰው ቁርጭምጭሚት ይረክሳል።

ለማንኛውም፣ ነገ ጋራዥ ውስጥ ያገለገለ ተሽከርካሪ ይዞ የሚመጣ ሰው ሲገጥማችሁ፣ ሞተር ሳይክልም ይሁን ሚኒባስ፣ ኪሎ ሜትሩን ከማንበባችሁ በፊት የጎማውን ቀን አንብቡ። ከዚያም “ስንት ጊዜ ቆሞ ነበር?” ብላችሁ ጠይቁት። ምናልባት ከኋላ የምትቀመጠው ሰው ስለ ጎማ ምንም አታውቅ ይሆናል፤ እሷን ወክሎ የሚጠይቅላት መካኒኩ ነው።